በሩ ከየት በኩል ይከፈታል? ፍቅር፣ ስሜትና ግፍ በ«ውዘሪንግ ሃይትስ» እና በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ልቦለዶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። ልቦለዶቹ ኤሚሊ ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ያሳተመችው «ውዘሪንግ ሃይትስ» እና ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ለአንባብያን ያቀረቡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ናቸው። ጥያቄውም፣ በአንድ ድርሰት ውስጥ ፍቅርና ግፍ አብረው ሲያድሩ አንዱን ከሌላው የምንለየው በምን ነው? የሚል ነው። አንዱ ደራሲ ከሌላው ምን ወሰደ የሚለው የተጽዕኖ ጥናት እዚህ ቦታ የለውም፤ የምፈልገው ሁለቱ ድርሰቶች አብረው ሲነበቡ አንዱ ለሌላው የሚፈነጥቀውን ብርሃን ነው።

ጥያቄውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእንግሊዝኛውን ልቦለድ በማስተምርበት ክፍል፣ «በዚህ ታሪክ ውስጥ ከልቡ ያፈቀረ ማን ነው?» ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር አብዛኛው ተማሪ የሚመልስልኝ «ሂትክሊፍ» ብሎ ነው። ሚስቱን የሚያሠቃየው፣ የሟች ወዳጁን ልጅ ቆልፎ የሚድረው፣ መቃብር የሚያስከፍተው ሂትክሊፍ! ለምን? ስላቸው፣ «ስሜቱ ጥልቅ ስለሆነ» ይላሉ። ይህ የመማሪያ ክፍል መልስ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባላሳሰበኝ ነበር። «ካልቀናማ መች ወደዳት» በሚባልበት አገር ግን የስሜትን ጥልቀት የፍቅር መለኪያ ማድረግ ከመጽሐፍ ወጥቶ ጎረቤት ቤት የሚገባ ነገር ነው።

እሪ በከንቱና በረሃ

ጎቲክ የሚባለው የልቦለድ ዘርፍ ሆራስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. በ1764 ካሳተመው «የኦትራንቶ ግንብ» ወዲህ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉት። ያረጀ ቤት፣ ጨካኝ የቤት ጌታ፣ የተቆለፈ ክፍል፣ የታገተች ሴትና ዕረፍት ያጣ የሙት መንፈስ ከምልክቶቹ ዋነኞቹ ናቸው። ብሮንቴ እነዚህን ሁሉ ወሰደች፤ ነገር ግን መቼቱን ከሩቅ አገር ግንብ አውጥታ ተወልዳ ባደገችበት በዮርክሺር፣ በአንድ ባለርስት ገበሬ ቤት አደረገችው። የድርሰቱ ኃይል አንዱ ምንጭ ይህ ነው፤ ዘግናኙ ነገር የሚፈጸመው በተረት አገር ሳይሆን ከብት በሚታለብበት፣ ዳቦ በሚጋገርበት ቤት ውስጥ ነው።

ይህን መቼት ለመረዳት የአራዳ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም። ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲወረድ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የኖሩትን ሰፈሮች ስም ማስታወስ ይበቃል፦ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ውቤ በረሃ፣ እሪ በከንቱ። ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፊው የፒያሳ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ስሞቹ ግን ከነትርጉማቸው በሰው አፍ ቀርተዋል። ከእነዚህ ሁለቱ ለዚህ ንባብ ያገለግሉኛል። «እሪ በከንቱ» የጩኸት ስም ነው፤ ሰው ይጮኻል፣ ደራሽ የለም። «ውቤ በረሃ» ደግሞ ደጃዝማች ውቤ ሰፈር የነበረው፣ መሸታ ቤቱ ሲበዛ በረሃ የተባለው ነው። በአማርኛ በረሃ መግባት መሸፈት ነው፤ በረሃ ዳኛ የማይደርስበት ቦታ ነው። ሕዝቡ በከተማው እምብርት ላይ በረሃ መኖሩን አይቶ ስም አወጣለት።

በ«ውዘሪንግ ሃይትስ»ም ከቤቱ ውጭ ነፋስ የሚገርፈው ምድረ በዳ አለ፤ ካተሪንና ሂትክሊፍ በልጅነታቸው ከዱላና ከቁጣ የሚያመልጡት ወደዚያ ነው። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ደግሞ በከንቱ የተጮኸ እሪታ አለ። ሎክውድ የተባለው እንግዳ በዚያ ቤት ሲያድር በቅዠቱ የአንዲት ሕፃን መንፈስ በመስኮቱ እጇን አስገብታ «አስገባኝ» እያለች ስትለምነው፣ የእጇን አንጓ በተሰበረው መስተዋት ላይ እየፈተገ ያደማዋል። ልብ እንበል፤ ይህን የሚያደርገው ጨካኙ ሂትክሊፍ አይደለም። ከከተማ የመጣ፣ የተማረ፣ ጨዋ ሰው ነው። ብሮንቴ ገና ከመነሻው የምትነግረን በሩን ዘግቶ ጩኸት የሚሰማ ሰው ከግፉ ንጹሕ አለመሆኑን ነው።

«አንድ አካል» ሲባል

የታሪኩን መነሻ ባጭሩ ላስታውስ። ሽማግሌው ኧርንሾ ከሊቨርፑል ጎዳና ያገኙትን ብላቴና ወደ ቤታቸው አምጥተው ከልጆቻቸው ከሂንድሊና ከካተሪን ጋር ያሳድጉታል። አባት ሲሞቱ ሂንድሊ ብላቴናውን ከወንድምነት ወደ አሽከርነት ያወርደዋል፤ ይደበድበዋል፤ ትምህርት ይነፍገዋል። ካተሪን ትወደዋለች፤ ይሁንና እሱን ማግባት ከክብሯ ዝቅ እንደሚያደርጋት ለሞግዚቲቱ ለኔሊ ዲን ስትናገር ሂትክሊፍ ተደብቆ ይሰማና ከቤቱ ይጠፋል። የንግግሯን ቀሪ ክፍል አልሰማም። በዚያ ክፍል ካተሪን እሷና እሱ ሁለት ሰዎች እንዳልሆኑ፣ ነፍሳቸው አንድ እንደሆነች ትናገራለች።

ብዙ አንባብያን ይህን ንግግር የፍቅር ጥግ አድርገው ይወስዱታል። በእኛም ቋንቋ ባልና ሚስት «አንድ አካል፣ አንድ አምሳል» ይባላሉ። ነገር ግን በእኛ አባባል አንድ የሚሆኑት አስቀድሞ ሁለት የነበሩ፣ በምስክር ፊት የፈቀዱ ሰዎች ናቸው። በካተሪን ንግግር ሁለተኛ ሰው የለም። ሁለተኛ ሰው ከሌለ ደግሞ እምቢ የሚል አይኖርም፤ የሚታመም ሌላ ገላም አይኖርም። ሂትክሊፍ ከሦስት ዓመት በኋላ ሀብት ይዞ ሲመለስ ካተሪን የኤድጋር ሊንተን ሚስት ሆናለች። ለመጨረሻ ጊዜ ሲገናኙ፣ እሷ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ ሳለች፣ ጸጉሩን ጨምድዳ ትይዘዋለች፤ እሱም ክንዷን ሲለቅ የአራት ጣቶቹ አሻራ በገረጣው ቆዳዋ ላይ ሰማያዊ ሰንበር ሆኖ ይቀራል። በዚያው ሌሊት ሴት ልጅ ወልዳ ትሞታለች። ደራሲዋ ከታላቁ የፍቅር ትዕይንት ላይ ያን ሰንበር አላነሣችም። ያልነበረ አስመስለን የምናልፈው እኛ አንባቢዎች ነን።

አንባቢዋ ኢዛቤላ

ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ለትምህርታችን ትጠቅማለች የምላት የኤድጋር እህት ኢዛቤላ ናት። ኢዛቤላ ሂትክሊፍን ትወደዋለች፤ የምትወደው ግን እሱን አይደለም፤ በልቧ የሣለችውን የልቦለድ ጀግና ነው። ይህን ራሱ ሂትክሊፍ ይናገረዋል፤ ስለ ሞኝነቷም ይስቅባታል። አብራው በጠፋችበት ሌሊት የምትወዳትን ትንሽ ውሻ ሲያንቅ አይታለች፤ አይታም ተከትላዋለች። ከጋብቻው በኋላ ከዚያ ቤት የምትጽፈው ደብዳቤ የእሪ በከንቱ ደብዳቤ ነው። በመጨረሻ የገበታ ቢላ ወርውሮ ከጆሮዋ ሥር ሲያቆስላት በበረዶ ላይ ሮጣ ታመልጣለች፤ ርቃ ሄዳም ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች።

እንግዲህ ብሮንቴ በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት አንባቢ አስቀምጣልናለች ማለት ነው። ኢዛቤላ የሠራችው ስሕተት ተማሪዎቼ ከሚሠሩት የተለየ አይደለም፤ የስሜትን ጥልቀት አይታ ደግነት መሰላት። ሂትክሊፍ በልጅነቱ ተደብድቧል፤ እውነት ነው። የተደበደበ ሰው ሲደበድብ ምክንያቱን እንረዳ ይሆናል። ነገር ግን ምክንያት መረዳትና ማሞገስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የሃያሲውም ተግባር ይህን ልዩነት መጠበቅ ነው።

የተቆለፈው በር

በሁለተኛው ትውልድ ታሪክ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ስሙ የማይጠፋው ድርጊት አለ። ሂትክሊፍ የካተሪንን ልጅ፣ ወጣቷን ካቲን፣ ከኔሊ ጋር ቤቱ አስገብቶ ይቆልፍባቸዋል፤ በጥፊ ይመታታል፤ በሽተኛ ልጁን እስክታገባም ድረስ ወደሚሞተው አባቷ እንዳትሄድ ያግታታል። ዓላማው ርስቱን መጠቅለል ነው፤ በጊዜው የእንግሊዝ ሕግ የሚስት ሀብት በባል እጅ ይገባ ነበርና። እኛ ይህን ጠለፋ እንለዋለን። እንግሊዛውያን ሃያስያን የበቀል ትልም እያሉ የሚያልፉትን የአማርኛ አንባቢ በአንድ ቃል ይጠራዋል።

ካቲ ከዚህ እሥር የምታመልጠው በመስኮት ነው፤ ያም መስኮት የእናቷ ክፍል መስኮት ነው። የእናቲቱ መንፈስ «አስገቡኝ» እያለች የምትለምንበት መስኮት ልጅቱ የምትወጣበት ሆነ። እናት ፍቅር ብላ ያለቀሰችለትን ቤት ልጅ ጥላው ወጣች። በመጨረሻም ካቲ፣ ሂትክሊፍ ለበቀል ሲል ማይም አድርጎ ያሳደገውን ሄርተንን ማንበብ ስታስተምረው፣ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ዱላ ፍቅር ይወለዳል። ሄርተን ይሳሳታል፣ ታርመዋለች፤ ደግሞ ይሞክራል። ሁለት ሰዎች አሉ፤ በመካከላቸውም መጽሐፍ አለ።

በእግሯ የወጣችው ሰብለ

አንባቢ ይህን ሲሰማ ወዴት እንደምሄድ ሳይገምት አይቀርም። በ«ፍቅር እስከ መቃብር»ም ፍቅር የሚወለደው በትምህርት ነው፤ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው ወደዚያ ቤት የሚገባው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው ወዲህ መጽሐፉን ያላነበበውም በጆሮው ስለሚያውቀው ታሪኩን መዘርዘር አያስፈልግም። የሁለቱም ልቦለዶች መሰናክል አንድ ዓይነት መሆኑን ግን ልጠቁም፦ ዘር፣ ማዕረግና ሀብት።

በእኛ ሃያስያን ዘንድ የተለመደው አተያይ የሐዲስ ፍቅረኞች ንጹሐን ናቸው፣ ግፉ የሚመጣው ከውጭ፣ ከፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢትና ከዘመኑ ሥርዓት ነው የሚል ነው። አተያዩ ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። አበጀ በለው የመራው የገበሬዎች ዓመፅም ለዚህ ይመሰክራል። ሆኖም ከ«ውዘሪንግ ሃይትስ» ወደዚህ መጽሐፍ ስመለስ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። በዛብህን አስቀድሞ ያሠረው ፊታውራሪው አይደሉም፤ እናቱ ውድነሽ በጣሙ ናት። ልጇ እንዲያድግላት ለእግዚአብሔር ተስላ ሰጠችው፤ የብፅዓት ልጅ አደረገችው። ያን ያደረገችው ከጥላቻ ሳይሆን ከፍቅር ብዛት ነው። በዛብህ ግን ከመናገሩ በፊት የተነገረለት፣ ከመፍቀዱ በፊት የተፈቀደበት ሰው ሆነ። ሰብለን በወደደ ጊዜም መጀመሪያ የሚፋለመው ከዚያ ስእለት ጋር ነው። ሐዲስ ይህን ያለ ጩኸትና ያለ ደም ስለጻፉት ሳናስተውለው እናልፋለን እንጂ፣ ፍቅር ራሱ እንዴት እሥር ቤት እንደሚሆን ከሂትክሊፍ ቁልፍ ባላነሰ ያሳያል።

ሰብለም በአባቷ ቤት የተቆለፈች ናት፤ ለማዕረጉ የሚመጥን ባል ጠፍቶ ዕድሜዋ ያልፋል። የመጽሐፉ ታላቅ እርምጃ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሰብለ መነኩሴ መስላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ በራሷ እግር ከቤቱ ትወጣለች። ሴት ልጅ ከቤት የምትወጣው በድግስ ወይም በጠላፊ እጅ በነበረበት ዓለም፣ ሐዲስ በሩን ከውስጥ የምትከፍት ሴት ፈጠሩ። ይህ ጠለፋ ሲገለበጥ ማለት ነው። በዛብህ አላስወጣትም፤ ኃይል አልተጠቀመም፤ አጠገቧም አልነበረም።

ሰሚውንም እናስተያይ። በእንግሊዝኛው ልቦለድ ሁሉን የምትሰማው ኔሊ ዲን ናት፤ ትሰማለች፣ ትፈርዳለች፣ ለእንግዳም ትተርካለች፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ትላለች። በሐዲስ መጽሐፍ የሚሰማውና የሚናገረው ካሣ ዳምጤ ነው። እሱ ስለ ተናገረ ማኅበረሰቡ «ጉዱ ካሣ» አለው። እሪታ የሰማን ሰው እብድ ማለት እሪታውን በከንቱ ከሚያደርጉት መንገዶች አንዱ ነው።

ፒያሳና ክፍቱ በር

ይህን መለኪያ ወደ አራዳ ሳመጣው የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ፊቴ ይደቀናል። ከተጻፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለሙሉ ኅትመት የበቃው ይህ ድርሰት ውቤ በረሃን፣ መሸታ ቤቶቹን፣ ሴቶቹንና ደንበኞቻቸውን ያለ መጋረጃ ያሳያል። ብዙ የተባለለት ስለ ግልጽነቱ ነው፤ እኔ ግን ስለ በሩ ማለት እፈልጋለሁ። የዮርክሺሩ ቤት በር የተቆለፈ ነው፤ የፊታውራሪው ቤት በር በዘበኛ የተጠበቀ ነው፤ የውቤ በረሃ በር ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ነፃነት ይመስላል። ክፍትነቱ ግን ለሚገባው ነው። ገንዘብ የያዘ ሁሉ ይገባል፤ በውስጥ ያለችው ሴት ልውጣ ብትል ወዴት? ርዕሱ ራሱ ስለማይነጋ ሌሊት የሚናገር መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። እንግዲህ የበር መከፈት ብቻውን መለኪያ አይሆንም፤ ከየት በኩል እንደሚከፈት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስት መቃብሮች

ሁለቱም ልቦለዶች በሦስት ሰዎች መቃብር ይደመደማሉ። በዮርክሺር ካተሪን በመካከል፣ ኤድጋርና ሂትክሊፍ በግራና በቀኝ ተቀብረዋል። በእኛው መጽሐፍ በዛብህ፣ ሰብለና ጉዱ ካሣ በአንድ ቦታ ያርፋሉ። መመሳሰሉ ያስደንቃል፤ ልዩነቱ ግን የጽሑፌ ፍሬ ነገር ነው።

ሂትክሊፍ ኤድጋር በተቀበረ ጊዜ ቆፋሪውን አባብሎ የካተሪንን ሣጥን ያስከፍታል፤ እሱም ሲሞት አፈራቸው እንዲቀላቀል የሣጥኑን አንድ ጎን ያስፈታል። በሕይወቷ ያልተዋትን በሞቷም አልተዋትም፤ የመጨረሻውንም በር ከውጭ ከፈተው። ሰብለ ግን በመንገድ ላይ ወንበዴ ያቆሰለውን በዛብህን በሞት አፋፍ ላይ አግኝታ ከቀበረችው በኋላ ትመነኩሳለች፤ ከመቃብሩ ሳትርቅ ጊዜዋን ትጠብቃለች። መቃብሩን አልነካችም። የአንዱ «እስከ መቃብር» ማሳደድ ነው፤ የሌላዋ «እስከ መቃብር» መጠበቅ ነው። በዛሬው አነጋገር «እስከ መቃብር» የሚለው ሐረግ አንዳንዴ ቃል ኪዳን፣ አንዳንዴም «ብትተዪኝ ወዮልሽ» ማለት ይሆናል። ሁለቱን መጻሕፍት አብሮ ያነበበ ሰው በየትኛው እንደ ተነገረው ለመለየት ጆሮው ይነቃል።

ማጠቃለያ

ነገሩ የሥነ ጽሑፍ ብቻ እንዳልሆነ ሕጋችን ራሱ ይመሰክራል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው ከተጠለፈችው ጋር ጋብቻ ከፈጸመ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ የሂትክሊፍ ትልም በእኛም አገር በሕግ ፊት ይቆም ነበር ማለት ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘግቷል፤ በአንቀጽ 564ም በትዳር ወይም አብሮ በመኖር ውስጥ የሚፈጸም የኃይል ጥቃትን በስሙ ጠርቶ ወንጀል አድርጎታል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 541 ደግሞ፣ በሁኔታዎቹ ምክንያት ሊገባንና በመጠኑም ቢሆን ይቅር ሊባል የሚችል ብርቱ ስሜት ያነሣሣው ግድያ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ድንጋጌው የራሱ ምክንያት አለው። ነገር ግን «ስሜት አሸነፈኝ» የሚል ተከሳሽ ፊቱ ሲቆም ዳኛው የሚያደርገው ምንድን ነው? ታሪክ ያደምጣል፤ ተራኪውን ይመዝናል፤ ዝም ያሰኟትን ገጸ ባሕርይ ይፈልጋል። የሃያሲ ሥራ ነው የሚሠራው። ያ ዳኛ፣ ያ ፖሊስ፣ ያ ሽማግሌ ትናንት ከእኛ ክፍል ተቀምጦ ሂትክሊፍን «እውነተኛ አፍቃሪ» ብሎ ሙሉ ነጥብ አግኝቶ የወጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የፍቅር ልቦለድ ስናስተምር «ስሜቱ ምን ያህል ይጋላል?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ኋላ አድርገን ሦስት ጥያቄዎችን እናስቀድም ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሰንበሩ በማን ገላ ላይ ነው? ጩኸቱን ማን ሰማ፣ ሰምቶስ ምን አደረገ? በሩስ ከየት በኩል ይከፈታል? ሦስቱን ጠይቀን ስናበቃ ካተሪንንና ሂትክሊፍን መውደዳችን አይቀርም፤ መጽሐፉ ታላቅ ነውና። ግን ከዚያ በኋላ የምንወዳቸው የኢዛቤላን ደብዳቤ አንብበን ነው።